የዋጋ ስፓኒሽ፦ ከገበያ ሚዛን እስከ ቤት ኪራይ ውል

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በማድሪዱ የማራቢያስ ገበያ ሰልፍ አይታይም። ሰዉ በአይብ ሻጩ መስታወት ፊት ተበታትኖ ቆሟል፤ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላዋ ከጎረቤቷ ጋር ወሬ ይዛለች። አዲስ የደረሰ ሰው ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኪየን ኤስ ኤል ኡልቲሞ?» ይላል፤ የመጨረሻው ማነው? ማለቱ ነው። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ያነሳሉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የእሱ ተራ ከእሳቸው ቀጥሎ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ የመጣች ወጣት እዚህ ቆማለች እንበል። አገሯ ሳለች በስልኳ ስፓኒሽ ስታጠና ከርማለች። «ኳንቶ ኩዌስታ?» ማለት «ዋጋው ስንት ነው?» እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። ተራዋ ሲደርስ ሻጩ «ኬ ቴ ፖንጎ፣ ጉዋፓ?» ይላታል፤ ምን ላድርግልሽ፣ ቆንጆ? ወደ አንዱ አይብ ጠቁማ ያጠናችውን ጥያቄ ትጠይቃለች። እሱም በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል፦ «ዲየሲሴይስ ኮን ኖቤንታ ኤል ኪሎ። ቴ ፖንጎ ኳርቶ ኢ ሚታድ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ያልገባት መልሱ ነው።

በባዕድ ቋንቋ ስለ ገንዘብ መነጋገር የጀመረ ሰው ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው በአንድ ቀን ይጠናል። መልሱ ግን ቁጥር፣ መለኪያ፣ ልማድ፣ አልፎ አልፎም ሕግ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ዋጋና ወጪ የሚነገረውን ስፓኒሽ እንደ ቃላት ዝርዝር መሸምደድ አያዋጣም ብዬ አምናለሁ። ተማሪው ማሠልጠን ያለበት ጆሮውን ነው፤ በተጠራው ዋጋ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ከዋጋው ውጭ ደግሞ ምን እንደቀረ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መለየት አለበት።

ወደ አይቡ እንመለስ። ሻጩ ያለው «ኪሎው 16 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ነው፤ ኳርቶ ኢ ሚታድ ልመዝንልሽ?» ነው። ኳርቶ ሩብ ኪሎ፣ 250 ግራም ነው። ሚታድ ደግሞ የዚያው ሩብ ግማሽ፣ 125 ግራም። አንድ ላይ 375 ግራም ይሆናል። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ከመዝገበ ቃላት ያወጣ ሰው «ሩብና ግማሽ» ብሎ ሦስት ሩብ ኪሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ የሚመዘንለት ግን የዚያ ግማሽ ነው። ወጣቷ «ሲ» ካለች የምትከፍለው 6 ዩሮ ከ34 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። በዩሮውና በሳንቲሙ መካከል የገባችው «ኮን» የምትባለው ቃል ሥራዋ እንደኛ «ከ» ነው፤ «ሴይስ ኮን ትሬይንታ» ስድስት ከሠላሳ ነው። ብዙ ሻጮች እሷንም ይተዏትና ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ አከታትለው ይጠራሉ።

ቁጥር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ሴሴንታ 60 ነው፣ ሴቴንታ 70። በጫጫታ መሀል ልዩነታቸው የአንዲት ፊደል ድምፅ ብቻ ነው። ኪኒየንቶስ 500፣ ሴቴሲየንቶስ 700፣ ኖቤሲየንቶስ 900 ሲሆኑ ሦስቱም ከመደበኛው አሠራር ያፈነገጡ ናቸው። የመኝታ ክፍልና የትንሽ ቤት ኪራይ የሚጠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ መቶዎች ነው። ያልተረጋገጠን ቁጥር «ገብቶኛል» ብሎ ከማለፍ «ሜ ሎ ኤስክሪቤ?» ማለት ይሻላል፤ ይጽፉልኛል? እንደማለት ነው። ማንም አይቀየምም።

በጽሑፍም ቢሆን ወጥመድ አለ። ስፔን ውስጥ ሺዎችን የሚለየው ነጥብ ነው፣ ሳንቲሙን የሚለየው ደግሞ ኮማ። 1.200 ዩሮ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ 1,20 ደግሞ አንድ ዩሮ ከሃያ ሳንቲም። እኛ ከለመድነው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሜክሲኮና አብዛኞቹ የማዕከላዊ አሜሪካ አገሮች ግን እንደኛው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ የትኛው አገር ወረቀት እንደተያዘ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። በባንክ ቅጽና በዝውውር ላይ የአንዲት ነጥብ ስህተት ቀላል አይደለም።

ዋጋ መጠየቂያውም አንድ ብቻ አይደለም። ኳንቶ ኩዌስታ እና ኳንቶ ባሌ የሚባሉት ዋጋው ተወስኖ ለተለጠፈ ዕቃ ነው፤ ለጫማ፣ ለመጽሐፍ፣ ለትኬት። በየቀኑ ለሚወጣና ለሚወርድ ነገር፣ ለቲማቲም፣ ለዓሣ፣ ለወርቅ፣ ለዶላር ምንዛሪ ግን «አ ኳንቶ ኤስታ?» ይባላል፤ ዛሬ ስንት ገብቷል? እንደምንለው ነው። ገዝቶ የጨረሰ ሰው ድምሩን ሲጠይቅ «ኳንቶ ኤስ?» ወይም በአክብሮት «ኬ ሌ ዴቦ?» ይላል፤ ስንት አለብኝ? አራተኛው «አ ኳንቶ ሳሌ?» ነው። ሳሊር መውጣት ማለት ነው፤ ጥያቄው ሁሉም ነገር ተደምሮ በስተመጨረሻ ስንት ይወጣል የሚል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህችን ለመልመድ አይቸገርም፤ «ሦስት መቶ ወጣብኝ» ብሎ የሚያወራ ሕዝብ ነው። ወጪ የምንለውም ከዚሁ ከመውጣት የመጣ ነው። ከአራቱ አንዷን ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል እኔ የምመርጠው ይህችኛዋን ነው።

ምክንያቱ በቤት ኪራይ ላይ ይታያል።

ወጣታችን ለጊዜው ከተቀመጠችበት ማረፊያ መውጣት አለባት። ለተማሪ ቪዛ ስታመለክት የስፔን መንግሥት መተዳደሪያ ገንዘብ እንዳላት እንድታሳይ ጠይቋታል፤ መለኪያው ኢፕሬም የሚባለው የገቢ ማጣቀሻ ሲሆን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወር 600 ዩሮ ነው። በማድሪድ ግን ይህ ገንዘብ ለምግብና ለትራንስፖርት ሳይተርፍ ለአንዲት ክፍል ብቻ ሊሄድ ይችላል። ማስታወቂያ ታያለች፦ «አልኪሌር፣ 550 ዩሮ፣ ጋስቶስ አፓርቴ»። አልኪሌር ኪራይ ነው። ጋስቶስ ወጪዎች፤ አፓርቴ ደግሞ ለብቻ። እንግዲህ 550 የተባለው የቤቱ ሁሉ ዋጋ አይደለም፤ መብራት፣ ውኃ፣ ጋዝ፣ ኢንተርኔት ከዚያ በላይ ነው። ከጎኑ ያለው ማስታወቂያ 620 ዩሮ ይልና «ጋስቶስ ኢንክሉዪዶስ» ይጨምርበታል፤ ወጪዎቹ በውስጡ ናቸው ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ የመጀመሪያውን ይመርጣል። በክረምት ወራት፣ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ፣ ርካሹ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

ቤቱ አፓርታማ ውስጥ ከሆነ ጋስቶስ ዴ ኮሙኒዳድ የሚባል ሌላ ክፍያ አለ፤ ለአሳንሰር፣ ለደረጃ ጽዳት፣ ለዘበኛ፣ ለሕንፃው ጥገና ባለቤቶች የሚያዋጡት ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ ኢቢ የሚባለው ዓመታዊ የቤት ግብር አለ። ሁለቱም በመሠረቱ የባለቤቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የከተማ ኪራይ ሕግ ግን ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ወደ ተከራዩ እንዲተላለፉ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው ስምምነቱ በጽሑፍ መስፈሩና ዓመታዊ መጠኑ በውሉ ቀን ተገልጾ መጻፉ ነው። በቃል የተነገረ ጋስቶ፣ በወሩ መጨረሻ በመልእክት የሚመጣ «የሕንፃው ክፍያ»፣ በውሉ ላይ ከሌለ ተከራዩን አያስገድደውም። ይህን አንድ አንቀጽ የሚያውቅ ስደተኛ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ቀጥሎ ፊያንሳ ትመጣለች፤ መያዣ። ለመኖሪያ ቤት ሕጉ የሚያዘው የአንድ ወር ኪራይ ነው። በአብዛኞቹ ክልሎች ባለቤቱ መያዣውን በክልሉ መንግሥት አካል ዘንድ ማስቀመጥ አለበት። ተከራዩ ቁልፍ ካስረከበ በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ካለና አንድ ወር ካለፈው በሕግ የተወሰነ ወለድ ይታሰብበታል። ከፊያንሳ በላይ ተጨማሪ ዋስትና ሊጠየቅ ይችላል፤ ከ2019 ጀምሮ በመደበኛ የመኖሪያ ውል ይህ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። የደላላውንም ክፍያ በተመለከተ በ2023 የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ የኤጀንሲውን ወጪ ባለቤቱ እንዲሸፍን ወስኗል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ በውሉ ርዕስ ላይ አንዲት ቃል እስካልገባች ድረስ። ቴምፖራዳ ወቅት ማለት ነው። «አልኪሌር ዴ ቴምፖራዳ» ለትምህርት ወይም ለሥራ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ኪራይ ሲሆን ሕጉ ከመኖሪያ ቤት ለይቶ ያየዋል። መያዣው ሁለት ወር ይሆናል፤ የደላላ ክፍያን ከተከራዩ የሚያነሳው ድንጋጌም አይሸፍነውም። ግለሰብ አከራይ ባለው መደበኛ ውል ተከራዩ እስከ አምስት ዓመት የመቆየት መብት ሲኖረው በቴምፖራዳ ውል ይህ መብት የለም። ተማሪዎች በብዛት የሚቀርብላቸው ደግሞ ይኸው ዓይነት ነው። ስለዚህ ወጣታችን ዋጋውን ከማየቷ በፊት ርዕሱን ማንበብ ይኖርባታል። እዚያች አንዲት ቃል ላይ የሁለት ወር ገንዘብ ተንጠልጥሏል።

እዚህ ላይ የምናገረው ከልብ ነው። ለጀማሪ የሚሰጡ የቋንቋ ትምህርቶች ስለ ቀለማት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ቤተሰብ አባላት ብዙ ሰዓት ያጠፋሉ። አዲስ የገባ ሰው ግን ስለ ቀጭኔ ሳይጠየቅ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ስለ ፊያንሳ የሚጠየቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ የመብራቱ ወረቀት ይመጣል። ስፔኖች የኤሌክትሪክ ሒሳብን ላ ሉስ፣ ማለትም መብራት ይሉታል፤ እንደኛው። ፋክቱራው ግን ረጅም ነው። መጀመሪያ ፖቴንሲያ አለ፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊስበው የሚችለው ኃይል ነው። ተጠቀምክ አልተጠቀምክ በየቀኑ ይከፈልበታል፤ አነስ ካለ ምድጃና ማሞቂያ አብረው ሲበሩ መብራቱ ይቆረጣል። ቀጥሎ ኮንሱሞ፣ የተቃጠለው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚያ የቆጣሪው ኪራይ፣ የኤሌክትሪክ ግብር እና ኢባ፣ የእኛ ቫት፣ ይከተላሉ። ከ2021 ጀምሮ የሰዓቱም ልዩነት ወጥቷል፦ ፑንታ ውዱ ሰዓት ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ባዬ ርካሹ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ያኖ በመካከል ያለው ነው። እንደ ውሉ ዓይነት ይለያያል፤ ብዙ ቤቶች ልብስ ማጠቢያውን ቅዳሜ የሚያስነሱት ግን በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀቶቹንም መለየት ይጠቅማል። ቲኬት ከሱቅ የሚወጣው ትንሹ ወረቀት ነው። ፋክቱራ የከፋዩና የተከፋዩ ስምና የግብር ቁጥር ያለበት ሙሉ ደረሰኝ ነው። ሬሲቦ ገንዘብ መቀበልን የሚያረጋግጥ ነው፤ ከባንክ ሒሳብ በየወሩ በራሱ ለሚቆረጠው ክፍያም ይኸው ስም ያገለግላል። ኪራይ በጥሬ ገንዘብ፣ ኤን ኤፌክቲቦ፣ የሚከፍል ሰው ሬሲቦ ሳይቀበል ከበሩ አይውጣ።

ምግብ ቤት ውስጥ ነገሩ ይቀልላል። አስተናጋጁ ሳይጠራ ሒሳብ አያመጣም፤ «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቦር» ማለት «ሒሳብ!» ማለት ነው። በምናሌው ላይ የተጻፈው ዋጋ ኢባን የጨመረ መሆን አለበት። በ2022 የወጣው የቆሻሻ አያያዝ ሕግ ምግብ ቤቶች የቧንቧ ውኃ በነፃ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ «አጉዋ ዴል ግሪፎ» ብሎ የጠየቀ አይከፍልም። ፕሮፒና፣ ጉርሻው፣ በስፔን ግዴታ አይደለም፤ ዝርዝር ሳንቲም ትቶ መሄድ የተለመደ ነው። ያልተስማማ ክፍያ ከመጣ ደግሞ «ላ ኦሃ ዴ ሬክላማሲዮኔስ» መጠየቅ ይቻላል፤ የቅሬታ ቅጹን እያንዳንዱ ንግድ ቤት ማዘጋጀት አለበት። ይህችን ሐረግ በትሕትና ግን በግልጽ መናገር ብቻ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

ከጓደኞች ጋር ሲሆን ሌሎች ቃላት ይመጣሉ። «ቴ ኢንቢቶ» ያለህ ሰው ሒሳቡን እሱ ሊከፍል ነው፤ «እኔ ልጋብዝህ» ያለ ኢትዮጵያዊ እንደማለቱ ነው። አ ሜዲያስ እኩል መካፈል ነው። ቦቴ ደግሞ ማዋጣት፤ ሁሉም በምሽቱ መጀመሪያ እኩል ያዋጣና ከዚያ ይከፈላል። ከአዲስ ጓደኛ ጋር የወጣ ሰው እነዚህን ሦስቱን ካልለየ የማይከፍለውን ከፍሎ ወይም መክፈል ያለበትን ትቶ ይመለሳል፤ ሁለቱም ያሳፍራሉ።

ሥራ ለሚያገኝ ሰው ኖሚና፣ የደሞዝ ወረቀቱ፣ ሌላው ፈተና ነው። ብሩቶ ተቀናሽ ያልወጣለት ደሞዝ ነው፤ ኔቶ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለገቢ ግብር ተቀንሶ እጅ የሚገባው። ስፔን ውስጥ ደሞዝ በልማድ በዓመት 14 ጊዜ ይታሰባል፤ ሁለቱ ፓጋ ኤክስትራ ይባላሉ፣ በበጋና በገና ሰሞን የሚከፈሉ ናቸው። በ2025 ዝቅተኛው የወር ደሞዝ በ14 ክፍያ 1,184 ዩሮ ብሩቶ ነበር። አንዳንድ አሠሪ ሁለቱን ተጨማሪ ክፍያዎች በ12 ወር ስለሚያከፋፍል ይኸው ደሞዝ በወር 1,381 ዩሮ ግድም ሆኖ ይነበባል። ዓመታዊው ገንዘብ አንድ ነው። ሁለት የሥራ ግብዣ የሚያወዳድር ሰው «ኤን ዶሴ ኦ ኤን ካቶርሴ ፓጋስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በ12 ነው ወይስ በ14?

ስፓኒሽ የ20 አገሮች የሥራ ቋንቋ ነው፤ ከአፍሪካ ኢኳቶሪያል ጊኒ አንዷ ናት። የወጪ ቃላት ደግሞ ድንበር በተሻገሩ ቁጥር ይለወጣሉ። ኪራይ በሜክሲኮ ሬንታ፣ በኮሎምቢያና በቺሊ አርየንዶ ነው። የሕንፃው መዋጮ በአርጀንቲና ኤክስፔንሳስ፣ በኮሎምቢያ አድሚኒስትራሲዮን ይባላል። መልስ ገንዘብ በማድሪድ ላ ቡዌልታ፣ በብዙ የደቡብ አሜሪካ አገሮች ኤል ቡዌልቶ፣ በሜክሲኮ ኤል ካምቢዮ ነው። ራሱ ገንዘብ በመንገድ ቋንቋ በስፔን ፓስታ፣ በሜክሲኮ ላና፣ በአርጀንቲናና በኮሎምቢያ ፕላታ ይሆናል። በ2023 የዓመቱ የዋጋ ንረት 211 በመቶ በደረሰባት አርጀንቲና ደግሞ ዋጋ ሲጠየቅ በስንት ኩዎታ፣ በስንት ጊዜ ክፍያ እንደሚከፈል መጠየቅ የንግግሩ አካል ነው።

ለእኛ ሰዎች ይህ ቋንቋ ሩቅ አይደለም። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባዋ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ተምረዋል። ስፓኒሹን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይናገሩት ነበር። ግን አዳሪ ተማሪዎች ነበሩ፤ ማደሪያቸውም ማዕዳቸውም በመንግሥት ነው፣ ኪራይ የሚከፍል በመካከላቸው አልነበረም። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ያለው ግንኙነት የዚያ ተቃራኒ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሐበሻና ሳልቫዶራዊ በአንድ ሕንፃ ይኖራል፣ በአንድ ወጥ ቤት ይሠራል፤ ንግግሩም ከሞላ ጎደል ስለ ሥራና ስለ ክፍያ ነው። እነሱ ኪራዩን ላ ሬንታ፣ የወሩን ክፍያዎች ሎስ ቢሌስ፣ ኢንሹራንሱን አሴጉራንሳ ይላሉ። እኛም እዚያው «ሬንት» እና «ቢል» እንላለን። በማድሪድ ግን ቢሌስ የሚል ቃል አይሰማም፤ አሴጉራንሳም ሴጉሮ ነው። አሜሪካ የለመደውን ስፓኒሽ ይዞ አውሮፓ የሚሻገር ሰው ይህን ልብ ይበል።

የስፔን ዜግነት ለማግኘት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዴሌ በሚባለው ፈተና ኤ2 ደረጃ ማለፍ ያስፈልጋል። ያ ደረጃ ገበያና ምግብ ቤት ውስጥ ለመግባባት ያበቃል። የኪራይ ውል፣ የመብራት ፋክቱራና ኖሚና ለማንበብ ግን አያበቃም፤ ሕይወት ደግሞ እነሱን ለማንበብ እስኪዘጋጁ አይጠብቅም። ስለዚህ ወደ ስፔን የምትሄዱ፣ ወይም ልጃችሁን የምትልኩ፣ እዚያ ካለ ዘመድ ወይም ወዳጅ የድሮ የኪራይ ውልና የመብራት ወረቀት ስሙን ሸፍኖ እንዲልክላችሁ ለምኑት። መስመር በመስመር፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ቃል ሳታልፉ። የቋንቋ አስተማሪዎችም እነዚህን ወረቀቶች ከመጀመሪያው ወር ወደ ክፍል አስገቡ። ቤት ስታዩ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት «ኤስታ ቶዶ ኢንክሉዪዶ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም ነገር በውስጡ ነው? መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።